አልጋው ጎንደር ይሁን ወይስ ጠዳ?

መንገደኛን ከመንገዱ ድካም ይልቅ ሲመሽ የሚያርፍበትን ስፍራ መምረጡ የበለጠ ያስቸግረዋል። ይህም ችግር ይልቁንም የሚያገኘው ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደማያውቀው አገር የሚላከውን ወጣት ነው። አበሉ የተቈጠረ፥ ቀኑም የተወሰነ ስለሆነ በአልጋ ምርጫ የተሳሳተ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን የማግስቱን ሥራ ጭምር ያጣል። ስለዚህ ወደ ጎንደርና ወደ ጎረቤቷ ወደ ጠዳ ለሚሄዱ አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር ለማካፈል አሰብን።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው ካደረጉ በኋላ በነበረው ዘመን የክብር እንግዳ ማደሪያውን ራሱ አይመርጥም ነበር፤ የሚመርጥለት አስተናጋጁ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በገባ ጊዜ በእቴጌ ምንትዋብ ፈቃድ በቍስቋም ግቢ ለመቀመጥ በቅቷል። ዛሬ ግን እንግዳው በኪሱ ልክ መራጭ ሆኗል። መምረጥ መብት ከሆነ ደግሞ ማወቅን ይጠይቃል።

የፋሲል ግቢ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የፖላንዷ አሮጌ ከተማ ክራኮው በአንድ ዓመት ቀድማ፥ ከእኛው ላሊበላ ጋር በ1978 ተመዝግባለች። ወደ ክራኮው የሚሄድ መንገደኛም የሚገጥመው ጥያቄ ከእኛው አይለይም። በታላቁ አደባባይ ዳር ቢያድር ሁሉ ነገር ይቀርበዋል፥ ነገር ግን የሌሊቱ ጫጫታ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ራቅ ብሎ ቢያድር ጸጥታ ያገኛል፥ ነገር ግን ለመጓጓዣ ይከፍላል።

በጎንደርም እንደዚሁ ነው። በኮረብታው ላይ ያለው ጎሐ ሆቴል ከተማዋን ቁልቁል ያሳያል፤ ዳገቱ ግን ለእግረኛ ይከብዳል። ፒያሳ ያደረ ሰው ወደ ፋሲል ግቢ በእግሩ ይደርሳል፤ የፒያሳን ሁካታ ግን መቻል አለበት። ጠዳ ደግሞ አዘዞን አልፎ በባሕር ዳር መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ጉዳዩ በጠዳ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሆነ፥ ወይም በማለዳ ወደ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄድ ሰው ለስሙ ሲል ጎንደር ድረስ ወጥቶ ማደሩ ትርፉ ድካም ነው። ጉዳዩ ጎንደር ሆኖ ለርካሽ አልጋ ብሎ ጠዳ የሚያድር ደግሞ ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። ለምሳሌ ያህል፥ የጠዳው አልጋ በ150 ብር ቢረክስና የደርሶ መልሱ መጓጓዣ 100 ብር ቢሆን ትርፉ 50 ብር ብቻ ነው፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ሰዓት ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ አልገባም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ሳይከፍሉ ክፍሉን ገብቶ ማየት ነው። አንደኛ፥ ቧንቧውን መክፈት። ጎንደር ውሃ ከምታገኝባቸው አንዱ የአንገረብ ግድብ ነው፤ ከተማዋ እየሰፋች ስለ ሄደች ውሃ የሚጠፋበት ቀን አለ። ስለዚህ «ሮቶ አላችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሁለተኛ፥ አንሶላውን ገልጦ የፍራሹን ስፌት መመልከት፤ ትኋን የሚደበቀው እዚያ ነው። ሦስተኛ፥ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይበርዳልና ተጨማሪ ብርድ ልብስ መጠየቅ፤ ወደ ደንቢያ ሜዳ ለሚወርድ ግን ከብርድ ልብሱ ይልቅ የወባ አጎበሩ ይበልጣል። አራተኛ፥ ከክፍሉ በታች መጠጥ ቤት መኖር አለመኖሩን ማጣራት።

ጥር 11 ቀን ለሚከበረው የጥምቀት በዓል የሚሄድ ሰው ደግሞ አልጋውን አስቀድሞ ይያዝ። በዚያን ሰሞን ከየአገሩ የሚመጣው ሕዝብ ወደ ፋሲል መዋኛ ስለሚጎርፍ አልጋ ይጠፋል፤ ዋጋውም ይወደዳል።

ዘመድ ቤት ለማረፍ ለሚያስብ ተማሪ ተረቱን እናስታውሰዋለን፦ እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፥ በሁለተኛው ብር፥ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል። ሆኖም ወላጆቹ በግ ሸጠው የሰጡትን ገንዘብ በሁለት ሌሊት በደመቀ ሆቴል ከሚጨርስ፥ በዘመድ ቤት ሁለት ቀን አድሮ የኪራይ ቤት ቢፈልግ ይሻለዋል። ወሩን በሙሉ የሚራበው እርሱ ነውና።

ለባለ ሆቴሎችም አንድ ቃል አለን። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ በደረሰው ግጭት ምክንያት የእንግዳው ቍጥር እጅግ ቀንሷል፤ መንገደኛውም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ደኅንነት መጠየቅ፥ ሳይመሽም መግባት ግዴታው ሆኗል። በዚህ ጊዜ የመጣውን ጥቂት እንግዳ ዋጋ ጨምሮ መቀበል የነገውን ገበያ መዝጋት ነው። ዛሬ በትንሽ አበል የሚያድረው ወጣት ነገ ቤተ ሰቡን ይዞ፥ ጓደኞቹንም አስከትሎ የሚመጣ ነው።

እንግዲህ ምቾት ማለት የደጁ ማማር፥ የስሙም መግነን አይደለም። ንጹሕ አልጋ፥ የሚወርድ ውሃ፥ ጸጥ ያለ ሌሊት፥ አስቀድሞ የተነገረ ዋጋ ነው። እነዚህን አራቱን ያገኘ ሰው ጎንደርም ይደር ጠዳ፥ በማግስቱ ለሥራው ብርቱ ሆኖ ይነሣል።