ባይራ የማን ዘመድ ነው?

በጎፋ ሰፈር ካሉት ጎረቤቶቻችን አንዲት እናት አሉ፤ ሰውን «የማን ልጅ ነህ?» ሳይሉ ቡና አያቀምሱም። ባለፈው እሑድ ተራው የእኔ ሆነና አያቶቼን ስቈጥር አራተኛው ላይ ቀረሁ። «ዩኒቨርሲቲ ጨርሰህ ሰባት ቤት መቍጠር ያቅትህ?» አሉኝ። እኔም ኀፍረቴን ልሸፍን ብዬ የባይራን ነገር አነሣሁባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በጋሞ ደጋ፥ ሞታ በሚባል ዋሻ ውስጥ፥ ካትሪንና ጆን አርተር የተባሉ መርማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲቈፍሩ፥ በድንጋይ ክምር ሥር የተቀበረ የአንድ ወንድ አጽም አገኙ። ዕድሜው 4,500 ዓመት ገደማ ነው። አንዱን ትውልድ በ25 ዓመት ብናስበው 180 ቤት መሆኑ ነው! ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ በኵር ማለት ነው።

በሀገራችን ከእርሱ እጅግ የሚቀድሙ አጽሞች መኖራቸውን አንባቢ ያውቃል። በ1967 እ.ኤ.አ. በኦሞ ኪቢሽ የተገኘው፥ በ2022 በወጣው ጥናት 230,000 ዓመት ገደማ ተገምቶለታል። ነገር ግን ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው፥ ልጅ ከወላጆቹ የሚወርሰው የአካል መዝገብ፥ በቈላ ሙቀት ቶሎ ይፈርሳል። የሞታ ዋሻ ቀዝቃዛ በመሆኑ፥ በውስጠኛው ጆሮ ዙሪያ ካለው ጠንካራ አጥንት የባይራ መዝገብ ሙሉውን ተነበበ። በ2015 ሲታተም ከጥንት አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። ዓይኑ ቡናማ ነበረ፤ ለደጋው ስስ አየር የሚበጅ ውርስም ተገኝቶበታል። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ይበልጥ የሚቀርቡት አሪዎች ናቸው።

መርማሪዎቹ በመጀመሪያ፥ ከባይራ ዘመን በኋላ ከምዕራብ እስያ በኩል የመጣ ደም በአፍሪካ ሁሉ ተሠራጨ ብለው ጽፈው ነበር። በ2016 መጀመሪያ የሒሳብ መኪናው ሥራ ላይ ስሕተት መግባቱ ታውቆ፥ ነገሩ ለምሥራቅ አፍሪካ እንጂ ለምዕራቡና ለመካከለኛው እንደማይሆን ራሳቸው አረሙ። እኔ ከግኝቱ ይልቅ በዚህ አደነቅኋቸው።

አሪዎች ዘንድ ገበሬና ብረት ቀጥቃጭ አይጋቡም። ቀጥቃጩ ማረሻውን ይሠራል፤ በሠራው ማረሻ ከሚያርሰው ጋር ግን በጋብቻ አይተሳሰርም። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ሊቃውንት ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ በፊት በሀገሩ የነበረ የሌላ ሕዝብ ቅሬታ ይሆናሉ ይሉ ነበር። በ2015 የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች የሁለቱን ውርስ መርምረው፥ ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ግንድ የተለዩ መሆናቸውን አስረዱ። በደማቸው የታየው ልዩነት የመጣው ቀጥቃጩ ተገልሎ እርስ በርሱ ብቻ ሲጋባ በመኖሩ ነው። መናቁ ቀድሞ፥ ልዩነቱ ተከተለ ማለት ነው።

ይህን ስናገር እናታችን ጀበናውን ከፍም ላይ አንሥተው ዝም ብለው ቆዩ። ቀጥሎም ቀስ ብለው፥ «የእናቴ አባት ቀጥቃጭ ነበሩ። እኛ ሰባት ቤት ስንቈጥር እርሳቸውን እንዘል ነበር» አሉኝ።

ስማቸውን ጠየቅኋቸው። ነገሩኝ፤ ሁለተኛውንም ስኒ ቀዱልኝ።