የክረምት ብድር፣ የኅዳር ቡና



ነገር ሲቀል «ዕዳው ገብስ ነው» እንላለን። በጅማ ዙሪያ፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራና በማና የሚኖር ገበሬ ዕዳ ግን ገብስ አይደለም። ዕዳው ቡና ነው። ቡና በዓመት አንድ ወቅት ይለቀማል። ሆድ ግን በየቀኑ ይጠይቃል። ልጅም በመስከረም ደብተር ይፈልጋል። በሽታም ቡናው እስኪቀላ አይጠብቅም። ዕዳ የሚገባው በዚህ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ክፍተቱ እንዴት እንደሚደፈን ነው። ደብተርና እርሳስ አቅርባችሁ አንብቡ። ሒሳብ አለበት።

ዕዳው ከየት ይመጣል?

ቡና ዝናብ ጠብ ሲል፣ በየካቲትና በመጋቢት ያብባል። ፍሬው የሚቀላው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ነው። ዋናው ለቀማ በጥቅምት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይሆናል። ገንዘብ እጃችን የሚገባውም ያኔ ነው። ሠርግ አለ፣ ልብስ አለ፣ ቤት ማደስ አለ። ግንቦት ሲገባ ኪስ ባዶ ነው። በሰኔና በሐምሌ የጎተራው በቆሎ ያልቃል። የማሳው በቆሎ ገና አልደረሰም። ታዲያ ምን ይደረግ? ገበሬው ወደ ከተማ ይሄዳል።

በጅማ ሔርማታ ገበያ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። መርካቶ የሚለው ስም የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ገበያ ማለት ነው። ገበሬው እዚያ ሄዶ፣ ወይም በየመንደሩ ለሚዞረው ቡና ሰብሳቢ ነግሮ፣ ገንዘብ ይቀበላል። ቡናው ገና አረንጓዴ ሆኖ ዛፉ ላይ ሳለ ይሸጠዋል። ነጋዴው ክፉ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም። እርሱም ገንዘቡን ለወራት ያስቀምጣል፣ ቡናው ቢበላሽስ ብሎ ይሰጋል። ስለዚህ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይቆርጣል። ዝቅታው ምን ያህል እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ማንም ቁጭ ብሎ አያሰላውም። እኛ እናስላው።

ሳይለቀም የተሸጠ ቡና ስንት ያስከፍላል?

ለሒሳብ እንዲቀል እንዲህ እንበል። አንድ ገበሬ በሐምሌ 3,000 ብር ይቀበላል። በኅዳር ጀንፈል፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና፣ ኪሎውን በ60 ብር ሒሳብ ሊያስረክብ ይስማማል። 3,000 ለ60 ሲካፈል 50 ይሆናል። ስለዚህ 50 ኪሎ ያስረክባል።

ኅዳር ሲደርስ የገበያው ዋጋ 100 ብር ሆነ እንበል። 50 ኪሎ ሲባዛ በ100፣ 5,000 ብር ነው። ገበሬው 3,000 ወስዶ 5,000 ከፈለ ማለት ነው። 2,000 ብር ሄደበት፤ ያውም በአራት ወር!

ይኸው 3,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮት ቢሆንስ? የዓመቱ ወለድ 360 ብር ነው። የአራት ወሩ ደግሞ 120 ብር ይሆናል። በአንድ በኩል 2,000፣ በሌላ በኩል 120። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን በደብተራችሁ ጻፏቸው። ልዩነቱ ለዓይን ራሱ ይናገራል።

ሌላም ጉዳት አለው። ዕዳው በብር ሳይሆን በኪሎ ስለሆነ፣ ምርቱ ቢያንስም ኪሎው አያንስም። ቡና አንድ ዓመት ብዙ ካፈራ በሚቀጥለው ዓመት ያርፋል። የፍሬ በሽታም አለ፤ አገራችን ውስጥ ከ1963 ጀምሮ ታውቋል። በእንዲህ ያለ ዓመት ባለዕዳው ከጎረቤት ቡና ገዝቶ እስከ ማስረከብ ይደርሳል። ደግሞም ቀን የተቆረጠበት ሰው ይቸኩላል። ቀዩን ከአረንጓዴው ሳይለይ ይሸመጥጣል። የተሸመጠጠ ቡና ደግሞ በዋጋም በስምም ይወርዳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1967 የካቲት የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኛውን ለባለመሬቱ ከነበረበት ዕዳ ነጻ አውጥቶታል። ያ አዋጅ የተናገረው ስለ ባለመሬቱ ዕዳ ነው። በሱቅና በገበያ የምንገባው ዕዳ ግን በውልና በሕግ የሚዳኝ ነው። ስለዚህ ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚከተሉትን ይላል።

አንደኛ፤ ሰውና ሰው በሚያደርጉት የገንዘብ ብድር፣ ከ12 በመቶ በላይ የዓመት ወለድ መዋዋል አይቻልም። ይህ በቁጥር 2479 ተጽፏል። ባንኮችና የብድር ተቋማት ግን የራሳቸው ደንብ አላቸው። ከዚህ ሌላ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ የሰውን ችግር ተገን አድርጎ አራጣ ማበደርን ወንጀል አድርጎታል።

ሁለተኛ፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር ክርክር ቢነሳ በጽሑፍ ይረጋገጣል። ጽሑፍ ከሌለ ያለው ማስረጃ በፍርድ ቤት ማመን ወይም መማል ብቻ ነው። የምስክር ብዛት አይበቃም። ውሉ በጽሑፍ ሲሆን ተዋዋዮቹ ይፈርሙበታል፣ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙበታል።

ሦስተኛውን በደንብ አስተውሉት። በቁጥር 1728 እንደተጻፈው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ፣ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ በቀር አያስገድደውም። ሕጉ ያላነበበውን ሰው ይጠብቀዋል። በ1971 መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ስንቱ ገበሬ በጣቱ ይፈርም ነበር! አሁን እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል፣ ስማችሁንም ትጽፋላችሁ። እንግዲህ ፊርማችሁ ያስገድዳችኋል። ፊርማ ክብር ነው፣ ሸክምም ነው። ስለዚህ ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ቁጥሩ ባዶ በተተወ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። የውሉን አንድ ቅጂ ለራሳችሁ ያዙ። ስትከፍሉም ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ መጠየቅ መብት እንጂ ነውር አይደለም።

ዕዳን በደብተር መጻፍ

በቃል የተያዘ ዕዳ ሲረሳ ይጣላል፣ ሲታወስ ያስፈራል። የተጻፈ ዕዳ ግን ልኩ ይታወቃል። ከደብተራችሁ አንድ ገጽ ለዕዳ ስጡ። ለማን፣ ምን ያህል፣ መቼ የሚከፈል፣ በላዩ ምን እንደሚጨምር ጻፉ። ያንኑ ገበሬ ለምሳሌ እንውሰድ፤

1. ለቡና ሰብሳቢው 50 ኪሎ ጀንፈል፤ በኅዳር። የተወሰደው 3,000 ብር።
2. ለቁጠባና ብድር ማኅበሩ 4,000 ብር፣ ወለድ 400 ብር፤ በታኅሣሥ።
3. ለመርካቶው ሱቅ የዘይትና የሳሙና ዱቤ 1,800 ብር፤ ቡና ሲሸጥ።
4. ለአጎት 1,000 ብር፤ ወለድ የለውም፣ ቀን አልተቆረጠም።

ይህን ስትጽፉ ባልና ሚስት አብራችሁ ተቀመጡ። የጨውና የጋዝ ወጪ፣ የልጅ ሕክምና፣ የቅቤና የእንቁላል ገቢ፣ ይህን ሁሉ የምታውቀው እናት ናት። የማዳበሪያውንና የለቃሚውን ቀን ወጪ ደግሞ አባት ያውቃል። ግማሹን ብቻ ይዞ የተሠራ ሒሳብ ጎዶሎ ነው። አንዱ ደብቆ የተበደረውን ሌላው ሳያውቅ ያጠፋዋል፤ ከዚያ ጠብ ይመጣል። የደረሱ ልጆችም ይስሙ። አንዳንዴ ከሁሉ ይልቅ አጥርቶ የሚደምረው የሰባተኛ ክፍሉ ልጅ ነው።

ቡናው ሲሸጥ ማን ይቅደም?

ገበሬው 200 ኪሎ ጀንፈል አገኘ እንበል። 50ው ለሰብሳቢው ሄደ። 150 ቀረ። በ100 ብር ሲሸጥ 15,000 ብር ይሆናል።

የመጀመሪያው ቤት ሁሉንም ከፈለ። ለማኅበሩ 4,400፣ ለሱቁ 1,800፣ ለአጎት 1,000፤ በድምሩ 7,200 ብር። 7,800 ብር ተረፈው። ደስ አለው፣ «ነጻ ወጣሁ» አለ። በሰባት ወር ውስጥ 7,800ው አለቀ። በሐምሌ እንደገና ሰብሳቢው ዘንድ ሄደ። እንደገና 3,000 ወሰደ፣ እንደገና 50 ኪሎ ፈረመ። ይህ ሰው ዕዳውን ከፈለ፤ ከዕዳ ግን አልወጣም።

ሁለተኛው ቤት ሌላ መንገድ ያዘ። ከማንም በፊት 3,000 ብር ለክረምት ብሎ ለይቶ አስቀመጠ። ከዚያ ለማኅበሩ 4,400፣ ለሱቁ 1,800 ከፈለ። አጎቱ ዘንድ ሄዶ 500 ብር ሰጠና «አጎቴ፣ ቀሪውን ለሚቀጥለው ቡና ይታገሡኝ» ብሎ ለመነ። 5,300 ብር ለቤት ቀረው። ከፊተኛው ቤት ያነሰ ነው፣ በዓሉም ቀለል ብሎ ዋለ። ነገር ግን ሐምሌ ሲመጣ ያስቀመጠውን 3,000 ብር አወጣ። ወደ ሰብሳቢው አልሄደም። በሚቀጥለው ኅዳር 200 ኪሎውን ሙሉውን ራሱ ሸጠ። 15,000 ሳይሆን 20,000 ብር ቆጠረ።

ልዩነቱን አያችሁ? ከሁሉ የከበደው ዕዳ ገና ያልተበደርነው የመጪው ክረምት ዕዳ ነው። እርሱን ቀድሞ የዘጋ ሰው ቀስ በቀስ ሌላውንም ይዘጋል። 3,000 ማስቀመጥ ያልቻለ 1,500 ያስቀምጥ። ያኔ 50 ኪሎው 25 ይሆናል። የከርሞው ደግሞ ከዚያ ያንሳል።

በዘመድ ዕዳ ላይ ግን አደራ። ወለድ የለውም ማለት አይከፈልም ማለት አይደለም። ባይሞላ እንኳ ከፊሉን ይዞ፣ ፊት ለፊት ቀርቦ መነጋገር ዝምድናን ያቆያል። ሱቁም ቢሆን በቀኑ ለከፈለው ሰው በክፉ ቀን በሩን አይዘጋም።

የክረምቱ ገንዘብ የት ይቀመጥ?

ቤት ውስጥ የተቀመጠ ብር እግር አለው። ስለዚህ ቶሎ የማይነካበት ቦታ ይፈለጋል። አንዱ መንገድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ባንክ ነው። ወለድ ከሃይማኖቴ ጋር አይሄድም የሚል ገበሬ፣ ዛሬ ብዙ ባንኮች ከወለድ ነጻ አገልግሎት ስላላቸው እርሱን ይጠይቅ። ሌላው ዕቁብ ነው። በጎረቤት ተመካክሮ፣ ዕጣውን ችግር በሚጠናበት በሰኔና በሐምሌ ለሚፈልግ ሰው ማድረግ ይቻላል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። የቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበርም እንዲሁ ነው። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን በ1991 ተቋቁሞ የጅማን ማኅበራት ጨምሮ የአባላትን ቡና ወደ ውጭ ይሸጣል። ትርፍ ሲገኝ አባሉ ዘግየት ብሎ ሁለተኛ ክፍያ ያገኛል። ይህ ክፍያ ሲመጣ ለድግስ ሳይሆን ለክረምት ይዋል። በአጋሮ አጠገብ በጎማ ወረዳ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያ በብድር ተከለ። አባላቱ ቀይ ፍሬ ብቻ እየለቀሙ አቀረቡ። በ2004 ቡናቸው በአፍሪካ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ተባለ። እንግዲህ ብድር ሁሉ መጥፎ አይደለም። የሚያሠራ ብድር አለ፣ የሚበላ ብድርም አለ። ስትበደሩ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

በሚሠራ ብድር ላይም ቢሆን ልክ ይኑር። በ1993 እና በ1994 የዓለም የቡና ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። ቬትናምና ብራዚል ብዙ ቡና ወደ ገበያ አወጡና ዋጋው ተሰበረ። የአጋሮ ገበሬ ምንም ሳያጠፋ ገቢው ቀነሰ። ስለዚህ ስትበደሩ በጥሩ ዓመት ዋጋ አታስሉ፤ በዝቅተኛው አስሉ። ከቡና ጎን በቆሎ፣ ማር፣ አትክልትና ዶሮ ያለው ቤት ክፉ ዓመትን ይሻገራል።

ለንባብ ቡድኑ ጥያቄዎች

አንብባችሁ ስትጨርሱ በቡድን ተወያዩ።

1. አንድ ሰው በነሐሴ 1,200 ብር ወስዶ በኅዳር 20 ኪሎ ጀንፈል ቢያስረክብ፣ ኪሎውን በስንት ብር ሸጠ ማለት ነው? ገበያው 90 ብር ቢሆን ስንት ብር አጣ?
2. በእናንተ ቤት ገንዘብ የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው? ለምን?
3. የቤታችሁን ዕዳ በአንድ ገጽ ጻፉ። ከሁሉ የከበደው የትኛው ነው?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ፦ ኪሎውን በ60 ብር ሸጠ፤ 600 ብር አጣ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን የምትመልሱት እናንተው ናችሁ። ደብተሩን ዛሬ ማታ ክፈቱ።