ለምስጥ መከላከያ የሚወጣ ገንዘብ ይጠቅማልን?

ሰው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ከያዘ በኋላ ከሚያስባቸው ነገሮች አንዱና ዋናው ጎጆ መውጣት ነው። ከወር ደመወዙ እየቆነጠረ ያጠራቅማል፤ ዕቁብ ይገባል፤ ይበደራል፤ በመጨረሻም ግንበኛውንና አናጢውን ጠርቶ ዋጋ ይነጋገራል። በዚህ ጊዜ ድንጋዩ፣ ሲሚንቶው፣ ቆርቆሮውና ምስማሩ ሁሉ በየመስመሩ የሰፈሩበት ሒሳብ ይዘጋጃል። በዚሁ ሒሳብ መካከል «የምስጥ መከላከያ» የሚል አንድ መስመር ቢገኝ ግን ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ብዕሩን አንሥቶ ይሰርዘዋል። ቆርቆሮ ይታያል፣ ቀለምም ይታያል፤ ከወለል በታች የፈሰሰ መድኃኒት ግን አይታይም። ለማይታይ ነገር ገንዘብ ማውጣት ደግሞ ለማንም ይከብዳል።

ይህ ስረዛ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ ለሁሉ ሰውና ለሁሉ ቦታ አንድ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን በሥርዓት የመረመረ ሰው ለራሱ ቤት የሚስማማውን መልስ ሳያገኝ አይቀርም።

ጠላትን ማወቅ

ምስጥ በመልኩ ጉንዳን ቢመስልም የጉንዳን ወገን አይደለም፤ የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት የሚመድቡት ከበረሮ ዘመዶች ጋር ነው። በዓለም ላይ ከ2,500 የሚበልጡ የምስጥ ዓይነቶች ሲታወቁ፣ የሰውን ቤት የሚጎዱት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት የወደቀ ቅጠልና የሞተ እንጨት እየበሉ አፈሩን ሲያገላብጡ የሚኖሩ ናቸው።

በሀገራችን ቤት የሚያጠቁት ምስጦች በአብዛኛው ከመሬት በታች የሚኖሩት ናቸው። ገላቸው ለስላሳ ስለሆነ ደረቅ አየርና የፀሐይ ብርሃን አይችሉም። ስለዚህ ከመሬት ወደ እንጨት ሲወጡ አፈሩን በምራቃቸው እያቦኩ እንደ እርሳስ የቀጠነ የጭቃ መተላለፊያ ሠርተው በዚያ ውስጥ ተሸሽገው ይመላለሳሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ የበሉትን እንጨት በመኖሪያቸው ውስጥ እንደ መደብ አድርገው እንጉዳይ ያበቅሉበታል፤ እንጨቱን ለምግብነት የሚያዘጋጅላቸውም ያ እንጉዳይ ነው። ዝናብ እንደ ጣለ ክንፍ አውጥተው የሚበሩት፣ እኛ አሸን የምንላቸው፣ አዲስ መኖሪያ ለመመሥረት የወጡ ወንዶችና ሴቶች ምስጦች ናቸው። «እንደ አሸን ፈላ» የሚባለውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ከዚያ ሁሉ መካከል ከወፍና ከጉንዳን አምልጣ መሬት የገባች አንዲት ንግሥት ለብዙ ዓመታት እንቁላል ስትጥል ትኖራለች።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፣ ይህ ጠላት የሚመጣው ከታች ስለሆነ በሩ የሚዘጋበትም ቦታ ከታች ነው። ሁለተኛው፣ ሥራው ሥውር ነው። እንጨቱን ከውስጥ እየበላ የላዩን ሽፋን ይተወዋል፤ መቃኑም ቀለሙ ሳይጎድል ባዶ ይሆናል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ባለቤቱ ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙውን ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ቦታውና የቤቱ ዓይነት

እንግዲህ ገንዘቡን ከማውጣትም ሆነ ከመሰረዝ በፊት የሚጠየቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ቤቱ የሚሠራው የት ነው?» የሚለው ነው። በብርዳማው ደጋ ሥጋቱ ይቀንሳል፤ ወደ ወይና ደጋውና ወደ ቆላው ሲወርዱ ግን ይበረታል። በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይም በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ምስጥ ከእርሻ አልፎ የሰው መኖሪያ የሚያፈርስ ጠላት መሆኑ የታወቀ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመንዲ አካባቢ ኩይሳን በመርዝ የማጥፋት ዘመቻ ተካሂዶ ነበር። ይሁን እንጂ ኩይሳ የሚሠራው ምስጥ ሲመታ፣ ኩይሳ ሳያቆሙ ከመሬት በታች የሚኖሩት ሌሎቹ ዓይነቶች ቀርተው ጥፋታቸውን ቀጠሉ። ከዚህ የምንማረው፣ በግቢ ውስጥ ኩይሳ አለመኖሩ ምስጥ ላለመኖሩ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ጎረቤት ነው። በሠፈሩ ብዙ ዓመት የኖሩትን አባትና እናት ጠጋ ብሎ «አጥራችሁ ስንት ዓመት ቆመ? መቃናችሁስ?» ብሎ መጠየቅ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

ሁለተኛው ጥያቄ የቤቱ ዓይነት ነው። በጭቃ ቤት ቋሚው መሬት ውስጥ ይተከላል፤ ጭቃውም ከጭድ ጋር ይቦካል። ይህ ለምስጥ ማዕድ ዘርግቶ እንደ መጥራት ነው። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ለቋሚና ለምሰሶ ጽድንና ወይራን ይመርጡ ነበር፤ የእነዚህ ዛፎች ውስጠኛ እንጨት ምስጥን እጅግ ይቋቋማልና። ዛሬ ጽድ እየጠፋ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በየቦታው ቦታውን ተክቷል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ የሚደርስና ዋጋው የሚቀል ቢሆንም፣ በለጋነቱ ተቆርጦ መሬት ውስጥ ሲተከል ለምስጥ ብዙ አይበረታም።

የድንጋይና የብሎኬት ቤት ያለው ሰውም ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ማለት አይገባውም። ምስጥ ሲሚንቶ አይበላም፤ ነገር ግን በወለሉ ስንጥቅና በቧንቧው ዙሪያ ባለው ክፍተት ሾልኮ ወደ በሩ መቃን፣ ወደ ኮርኒሱና ወደ ቁም ሣጥኑ ይደርሳል። በመጻሕፍት መደርደሪያና በመዝገብ ቤት የሚያደርሰውን ጥፋት ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ያውቁታል።

ጊዜው ሲያልፍ ዋጋው ይበዛል

ሦስተኛው ጥያቄ ጊዜ ነው፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚከብደውም እርሱ ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት መድኃኒቱን በአፈሩ ላይ ማርከፍከፍ ቀላል ሥራ ነው፤ የሚጠይቀው መድኃኒቱን፣ ውኃውንና የሠራተኛውን የጥቂት ሰዓት ድካም ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ግን በግድግዳው ሥር ወለሉን በመሰርሰሪያ እየበሱ መድኃኒቱን በየቀዳዳው ማስገባትና ቀዳዳውን መልሶ መድፈን ያስፈልጋል፤ ያም ሆኖ መድኃኒቱ ሁሉን ቦታ ለመድረሱ ማረጋገጫ የለም። ስለዚህ ምስጥ ባለበት አገር አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ያን አንድ መስመር ከመሰረዝ ይልቅ የቀለሙን ዓይነት ዝቅ ቢያደርግ ይሻለዋል። ቀለም ነገም ይቀባል፤ ከወለል በታች ያለው አፈር ግን የሚገኘው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ስለ መድኃኒቱም ጥቂት ማለት ይገባል። ቀድሞ ለዚህ ሥራ የሚመረጡት አልድሪን፣ ዲልድሪንና ክሎርዴን የተባሉት ነበሩ፤ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆዩ ነው። ነገር ግን ያው ጽናታቸው ጥፋት ሆነ፤ በእንስሳና በሰው ስብ ውስጥ እየተጠራቀሙ ጤና እንደሚጎዱ ታወቀ። በአሜሪካ ክሎርዴንን ለምስጥ መሸጥ በ1980 ዓ.ም. ቆመ፤ በ1993 ዓ.ም. የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ሦስቱንም ከሚታገዱት መርዞች መካከል አስቀመጣቸው። ኢትዮጵያም የዚሁ ስምምነት አባል ናት። ዛሬ ከሚሠራባቸው መካከል ፊፕሮኒልና ኢሚዳክሎፕሪድ ይገኛሉ። እነዚህም ቢሆኑ መርዝ ናቸውና ከውኃ ጉድጓድ አጠገብ ሊፈሱ፣ ልጆች ባሉበት ሊረጩ፣ ስም ከሌለው ጠርሙስ ሊገዙ አይገባም። ኃይላቸውም ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ስለዚህ «ለዘለዓለም ይጠብቃል» የሚል ነጋዴ ቢያጋጥም፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውንም መጠራጠር ነው።

ስለ ዋስትና ወረቀት

አሁን ወደ ውሉ ጉዳይ እንመጣለን። የቤት የእሳት ኢንሹራንስ ያለው ሰው የምስጥም ጉዳት የተሸፈነለት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ኢንሹራንስ እንደ ልማዱ የሚክሰው ድንገተኛ አደጋን እንጂ ቀስ በቀስ የሚደርስን ጥፋት አይደለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት በአሜሪካ፣ በተለይም ምስጥ በሚበዛባቸው ደቡባዊ ግዛቶች፣ መድኃኒት ረጪ ድርጅቶች ከባለቤቶች ጋር በየዓመቱ የሚታደስ ውል ይዋዋላሉ። ውሉም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምስጥ ተመልሶ ቢመጣ ያለ ክፍያ ዳግመኛ ለመርጨት ብቻ የሚያስገድድ ሲሆን፣ ሁለተኛው የተበላውን እንጨት ማደስንም ይጨምራል። ስማቸው ተመሳሳይ ቢሆንም በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በሀገራችንም ለረጩት መድኃኒት የዋስትና ወረቀት እንሰጣለን የሚሉ ስላሉ፣ ይህን ልዩነት ማወቅ ለእኛም ይጠቅማል።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ቤት በምስጥ ቢጎዳ ማደሻው 100,000 ብር፣ የዓመቱ የውል ክፍያ ደግሞ 4,000 ብር ነው እንበል። ባለቤቱ በ25 ዓመት ውስጥ 100,000 ብር ከፍሎ ይጨርሳል። እንግዲህ እድሳትን የሚጨምር ውል በሒሳብ የሚያዋጣው፣ ቤቱ በእነዚያ 25 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያን ያህል ይጎዳል ተብሎ ሲሠጋ ነው። እርግጥ 100,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት የማይችል ሰው ለልቡ ዕረፍት ጥቂት አብልጦ ቢከፍል አይፈረድበትም። ውሉ ዳግመኛ መርጨትን ብቻ የሚሸፍን ከሆነ ግን በሚዛኑ ላይ የሚቀመጠው የእድሳቱ ሳይሆን የአንድ ርጭት ዋጋ ነው። ርጭቱ 12,000 ብር ቢሆን፣ የ3 ዓመት ክፍያ ይተካከለዋል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው የሚጠቅመው ምስጡ ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ከሆነ ብቻ ነው።

ስለሆነም ከመፈረም በፊት እነዚህን ማንበብ ያስፈልጋል፦ የሚሸፈነው ርጭት ነው ወይስ እድሳትም ይጨምራል? ድርጅቱ በየዓመቱ መጥቶ ይመረምራልን? የገንዘቡ ወሰን ስንት ነው? ባለቤቱ በረንዳ ቢጨምር ወይም የአትክልት መደብ ከግድግዳው ጋር ቢያስጠጋ ውሉ ይፈርሳልን? መልሱ በቃል እንጂ በጽሑፍ የማይገኝ ከሆነ ያ ወረቀት ዋስትና ሊባል አይገባውም።

በነጻ የሚገኘው ዋስትና

ውል ቢኖርም ባይኖርም ባለቤቱ ራሱ ሊያደርገው የሚገባ አለ። የማገዶ እንጨት ከግድግዳ ጋር አይከመር፤ የጣሪያው ውኃ በመሠረቱ ሥር አይቋት፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሳይውል ሳያድር ይሠራ። ከሰኔ በፊትና ከመስከረም በኋላ ቤቱን ዞሮ ማየት፣ መቃኑን በካቻቢቴ እጀታ ማንኳኳት፣ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን መመርመር፣ በግድግዳ ላይ የወጣ የጭቃ መስመር ወይም በመስኮት ሥር የረገፈ ክንፍ ሲታይ ባለሙያ መጥራት ነው። መስመሩን በመጥረጊያ ጠርጎ ዝም ማለት ግን ምልክቱን ማጥፋት እንጂ ምስጡን ማጥፋት አይደለም።

እንግዲህ አስተያየታችን ይህ ነው። ምስጥ በታወቀበት ቦታ አዲስ ቤት ለሚሠራ ሰው ወለሉ ከመፍሰሱ በፊት የሚደረገው መከላከያ ገንዘቡን ይመልሳል። ለቆመ ቤት ደግሞ የምስጥ ምልክት ከሌለበት ከዓመታዊ ውል በፊት ዓመታዊ ምርመራ ይቅደም፤ ምልክት ከታየበት ግን መርጨትና በጽሑፍ የሰፈረ፣ እድሳትን የሚጨምር ውል መያዝ ይገባል። በደጋ ላይ በድንጋይ መሠረት ለቆመ ቤት፣ ጎረቤቶቹም ምስጥ አይተው የማያውቁ ከሆነ፣ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ቢውል አይቆጭም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር የሚሠራው ቅጠሉ በጊዜው ሲቀጠፍ ነውና፣ ወጣት አንባቢዎቻችን የቤት ሒሳብ በቀረበላቸው ቀን ያን አንድ መስመር ከመሰረዛቸው በፊት ቦታውን፣ እንጨቱንና ጊዜውን እንዲመዝኑ እንመክራለን።