የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ሽቦ ሲበላሽ

እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ቤት «ሬዚስታንሱ ተበጠሰ» የሚለው አነጋገር እንግዳ አይደለም። በሸክላው ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ የተዘረጋው ሽቦ ሲበጠስ፣ ጠጋኙ ብዙ ጊዜ የተቃጠለውን ክፍል ቆርጦ ይጥልና የቀሩትን ሁለት ጫፎች አጠማዝዞ ያገናኛቸዋል። ምጣዱም እንደገና ይግላል፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይበልጥ ይግላል። ይህ ለምን እንደሚሆን የተረዳ ተማሪ፣ በዚህ ጽሑፍ የምናነሳውን ጉዳይ ግማሹን ተረድቷል ማለት እንችላለን። ጉዳዩም በተለምዶ «ቬፕ» የሚባለው የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የማሞቂያ ሽቦ ሲበላሽ የሚያስከትለው አደጋ ነው።

የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ትንባሆ አይነድበትም፤ አመድም የለውም። ከዚህም የተነሣ ብዙ ወጣቶች «ተን ብቻ ነው» በማለት ይዘናጋሉ። ይሁን እንጂ ያ ተን የሚወጣው ከአንዲት ቀጭን ሽቦ ላይ ነው። ሽቦዋ ስትበላሽ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ በዓይን የሚታይ አይደለም። ተጠቃሚው ችግሩን የሚያውቀው ከደረሰበት በኋላ ነው፤ ወይም ጨርሶ አያውቀውም።

ለመሆኑ መሣሪያው እንዴት ይሠራል?

ዛሬ የምናውቀውን ዓይነት መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 የሠሩት ሆን ሊክ የተባሉ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ናቸው። የእርሳቸው የመጀመሪያ ንድፍ ፈሳሹን ወደ ተን የሚለውጠው በአልትራሳውንድ ንዝረት ነበር። በኋላ የመጡት መሣሪያዎች ግን ሥራውን ለማሞቂያ ሽቦ ሰጡት። ሽቦው በፈሳሽ በራሰ ጥጥ ላይ ይጠመጠማል። ተጠቃሚው ሲስብ ወይም ቁልፉን ሲጫን ባትሪው ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ሽቦው ይግላል፤ በጥጡ ላይ ያለው ፈሳሽም ይተናል።

ሽቦው ከሚሠራባቸው ቅይጦች አንዱ ናይክሮም ነው። ይህ የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያገኙበት ሲሆን፣ የዳቦ መጥበሻንና የኤሌክትሪክ ምድጃን የወለደ ግኝት ነው። ሌላው ካንታል ሲሆን፣ የብረት፣ የክሮሚየምና የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሁለቱም ለማሞቂያነት እጅግ ተስማሚ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚወጣውን ነገር ሰው በቀጥታ ወደ ሳንባው እንዲስበው ታስበው የተሠሩ አይደሉም።

የኦም ሕግ በኪስ ውስጥ

ከፊዚክስ ትምህርታችን እንደምናስታውሰው፣ አንድ ሽቦ የሚያመነጨው ሙቀት በቮልቴጁና በሽቦው ተቃውሞ ይወሰናል። ኃይል ማለት የቮልቴጅ ስኩዌር ለተቃውሞ ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ ሳይለወጥ ተቃውሞው ሲቀንስ ኃይሉ ይጨምራል። የምጣዱ ሽቦ ከርዝመቱ አንድ አሥረኛው ተቆርጦ ቢጣል፣ ኃይሉ በአንድ ዘጠነኛ ያድጋል። ምጣዱ ከጥገናው በኋላ ይበልጥ የሚግለው በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ ይህንኑ ስሌት ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራው እናምጣው። ሙሉ በሙሉ የተሞላ አንድ የሊቲየም አዮን ባትሪ 4.2 ቮልት አለው። የሽቦው ተቃውሞ 1.5 ኦም ቢሆን፣ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት 2.8 አምፒር፣ ኃይሉም ወደ 12 ዋት ገደማ ይሆናል። ተቃውሞው ወደ 0.5 ኦም ቢወርድ ፍሰቱ 8.4 አምፒር፣ ኃይሉ 35 ዋት ይደርሳል። ወደ 0.15 ኦም ቢወርድ ደግሞ ስሌቱ 28 አምፒርና ወደ 118 ዋት ይሰጠናል። ይህ ሁሉ ኃይል የሚወጣው በጣት ጫፍ ላይ ልትቀመጥ ከምትችል ጥቅልል ነው።

ተቃውሞው ሳይታሰብ ሊወርድ የሚችልበት መንገድ ብዙ ነው። የጥቅልሉ ዙሮች እርስ በርስ ሊነካኩ፣ የሽቦው ጫፍ የመሣሪያውን ብረት ሊነካ፣ ወይም በእጅ የተጠመጠመው ሽቦ ከሚገባው በታች አጥሮ ሊሠራ ይችላል። ጥሩ መሣሪያዎች የሽቦውን ተቃውሞ ለክተው፣ ከወሰኑ በታች ሲሆን ኤሌክትሪክ የሚያቋርጥ የመከላከያ ሰርኪዩት አላቸው። ምንም ሰርኪዩት የሌላቸው መሣሪያዎች ግን በባትሪውና በሽቦው መካከል ከአንድ ቁልፍ በቀር አንዳች የላቸውም።

ባትሪው ሲፈነዳ

እያንዳንዱ ባትሪ ሊሰጥ የሚችለው የፍሰት መጠን ወሰን አለው። ሽቦው ከዚህ ወሰን በላይ ሲጠይቀው ባትሪው ከውስጥ ይግላል። ሁለቱን ዋልታዎች የሚለየው ስስ ፕላስቲክ ሲቀልጥ ዋልታዎቹ ይገናኛሉ፤ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት የሚወልድ ኬሚካዊ ሂደት ይቀሰቅሳል፤ ተቀጣጣይ የሆነው የባትሪው ፈሳሽም ወደ ጋዝነት ይለወጣል። ጋዙ መውጫ ካጣ ጠንካራው የብረት ቀፎ እንደ ጥይት ይወነጨፋል።

የአሜሪካ የእሳት አደጋ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከ2009 እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ 195 የፍንዳታና የእሳት አደጋዎችን መዝግቧል። በእነዚህም 133 ሰዎች የተጎዱ ሲሆን፣ የ38ቱ ጉዳት ከባድ ነበር። ከአደጋዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ መሣሪያው ወይም ባትሪው ኪስ ውስጥ ሳለ፣ ሌላው አንድ ሦስተኛ ያህል በማጨስ ላይ ሳለ የደረሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ በእንዲህ ዓይነት ፍንዳታ ሰዎች ሞተዋል።

እርግጥ ነው፣ የእነዚህ ሁሉ አደጋዎች መንስኤ ሽቦው ነበር ልንል አንችልም። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር የተቀመጠ ትርፍ ባትሪም ዋልታዎቹ በብረት ሲገናኙ ይፈነዳል። የተበላሸ ሽቦ ወደዚያው አደጋ ከሚወስዱት መንገዶች አንዱ ነው።

ጥጡ ሲደርቅ

ሁለተኛው አደጋ ድምፅ የለውም። በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፈሳሽ በአብዛኛው ፕሮፒሊን ግላይኮልና ለቆዳችን የምንቀባው ዓይነት ግሊሰሪን ነው። የመጀመሪያው በ188፣ ሁለተኛው በ290 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ። ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሙቀቱን ፈሳሹ በትነት ይወስደዋል። ጥጡ ከደረቀ ወይም ሽቦው ከልክ በላይ ከጋለ ግን፣ ፈሳሹ መትነኑ ቀርቶ ይሰባበራል። ከስብርባሪዎቹ መካከል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይገኛሉ። ፎርማልዴሃይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። አክሮሊንን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዘይት ከልክ በላይ ሲግል ዓይንን የሚያቃጥለው ጭስ ውስጥ ያለው እርሱ ነው።

የፖርትላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ መሣሪያ በ3.3 ቮልት ሲሠራ ፎርማልዴሃይድ የሚለቁ ውህዶች በተኑ ውስጥ አልተገኙም፤ በ5 ቮልት ሲሠራ ግን ተገኝተዋል። ጥናቱን የተቹ ሌሎች ተመራማሪዎች፣ በዚያ ሙቀት የሚወጣው ተን ጣዕሙ እጅግ መራራ ስለሚሆን ማንም አይስበውም ብለዋል። ትችቱ ተገቢ ነጥብ አለው። ነገር ግን ጤናን ለምላስ አደራ መስጠት ይሆናል፤ ምላስ ደግሞ የላቦራቶሪ መለኪያ አይደለም።

ብረቱ ወደ ሳንባ ሲጓዝ

ሦስተኛው አደጋ ከሽቦው ራሱ የሚመጣ ነው። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የ56 ተጠቃሚዎችን መሣሪያ መርምረዋል። ፈሳሹ በመሙያ ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ የነበረው የብረታ ብረት መጠን አነስተኛ ነበር። ከጋለው ሽቦ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን በፈሳሹም ሆነ በተኑ ውስጥ የእርሳስ፣ የክሮሚየምና የኒኬል መጠን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ሽቦአቸውን ቶሎ ቶሎ በሚለውጡ ሰዎች መሣሪያ ውስጥ መጠኑ ይብስ ነበር። «አሮጌው እንጂ አዲሱ ሽቦ አይጎዳም» የሚለው አስተያየት በዚህ ውድቅ ይሆናል።

የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2025 ተጠቅመው የሚጥሏቸውን ዓይነት መሣሪያዎች መርምረው፣ በሳቡ ቁጥር ከማሞቂያው ሽቦ የሚወጣው ክሮሚየምና ኒኬል እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ከመሣሪያዎቹ አንዱ በአንድ ቀን አጠቃቀም የለቀቀው እርሳስ ከ20 ፓኬት ገደማ ሲጋራ ከሚወጣው ይበልጥ ነበር። ይህ እርሳስ የመጣው ከሽቦው ሳይሆን ፈሳሹ ከሚነካቸው ሌሎች የነሐስ ክፍሎች ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019ና በ2020 በአሜሪካ 2,807 ሰዎችን ለሆስፒታል፣ ከእነርሱም 68ቱን ለሞት የዳረገው የሳንባ ጉዳት በዋናነት የተያያዘው ከካናቢስ ፈሳሾች ጋር ከተቀላቀለ የቫይታሚን ኢ አሲቴት ጋር እንጂ ከሽቦ ብልሽት ጋር አይደለም። አንዱን አደጋ በሌላው ስም መጥራት ለሳይንስም ለጤናም አይበጅም።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በአገራችን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣት፣ ማከፋፈልና መሸጥ ይከለክላል። ስለዚህ በድብቅ የሚገባውን መሣሪያ የመረመረው አካል የለም፤ ሽቦው ከምን እንደተሠራ፣ የመከላከያ ሰርኪዩት ይኑረው አይኑረው ገዥው ሊያውቅ አይችልም።

ከሁሉ የሚሻለው አለመጀመር ነው። ኒኮቲን ሱስ አስያዥ ከመሆኑም በላይ በማደግ ላይ ያለን የወጣት አእምሮ ይጎዳል። የጀመረ ሰው ደግሞ ለማቆም የሐኪም ምክር ይጠይቅ። እስኪያቆም ድረስም የመቃጠል ጣዕም ሲሰማው ወዲያውኑ ይተው፤ መሣሪያው ሲግል፣ ሲያብጥ ወይም ሲያፈስ ከሰውነቱ ያርቀው፤ ትርፍ ባትሪም ከብረት ነገር ጋር በኪሱ አይያዝ። የተጣለ ባትሪ ከቆሻሻ ጋር ከተቃጠለ በአካባቢው ያለውን ሰው ሁሉ ይጎዳልና ወደ እሳት አይጣል።

ያልተበላሸ ሽቦ የፍንዳታውን ዕድል ይቀንስ ይሆናል፤ ብረቱን ግን አያስቀርም። በክፍል ውስጥ የተማርነው የኦም ሕግ ፈተና ላይ ብቻ የሚያገለግል ቀመር አይደለም። ጓደኛችን የሚዘረጋልንን ነገር ከመቀበላችን በፊት ልናሰላው የሚገባ ሒሳብ ነው።