ከቁንዝላ የሚታየው ደርቢ፦ ፋሲል ከነማና ባሕር ዳር ከተማ

በሰሜን አቸፈር ወረዳ፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ከሚገባበት ብዙም ሳትርቅ የምትገኘው ቁንዝላ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው ጀልባ ከሚያርፍባቸው ወደቦች አንዷ በመሆኗ፣ ከደቡብ የባሕር ዳርን፣ ከሰሜን የጎንደርን ሰውና ወሬ ስታስተናግድ የኖረች ከተማ ናት። የሁለቱ ከተሞች የእግር ኳስ ፉክክርም የሚመነጨው ከዚህ ጉርብትና ነው፤ ደርቢ፣ ማለትም የአንድ ከተማ ወይም የአንድ አካባቢ ክለቦች ግጥሚያ፣ ግለቱን የሚያገኘው ተጋጣሚዎቹ በገበያም፣ በጋብቻም፣ በትምህርት ቤትም የማይለያዩ በመሆናቸው ነውና።

ደጋፊዎቹ «ዐፄዎቹ» የሚሉት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ የአገሪቱ ከፍተኛ የክለቦች ውድድር በሆነው በፕሪሚየር ሊጉ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ «የጣና ሞገዶቹ» የሚባለው ባሕር ዳር ከተማ በ2011 ዓ.ም. ሊጉን ተቀላቀለ። ፋሲል በ2013 ዓ.ም. በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ሲያነሣ፣ ባሕር ዳር በ2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ አጠናቀቀ።

የፉክክሩን ጠባይ ከዋንጫው ይልቅ አጉልቶ የሚያሳየው፣ ሁለቱ ክለቦች በተለያየ ዘመን አንድ ባላጋራ መግጠማቸው ነው። ፋሲል በነሐሴ 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም በባሕር ዳር ስታዲየም፣ በተፎካካሪው ከተማ፣ አስተናግዶ 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ በመልሱ 3 ለ 1 ተሸንፎ ወደቀ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ያንኑ አዛምን በድምር ውጤት እኩል ሆኖ በመለያ ምት 4 ለ 3 ጣለው፤ ሆኖም ስታዲየሙ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መመዘኛ ባለማሟላቱ የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ጎንደሬው ድሉን ያጣጣመበት ሜዳ ለባለቤቱ ሳይሆን መቅረቱ ለአካባቢው ስፖርት ወዳድ በእርግጥ የሚቆጭ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ከተሞች ተራ በተራ ሲካሄዱ፣ ባሕር ዳር አስተናጋጅ በሆነችባቸው ጊዜያት የጎንደር ደጋፊ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቡድኑን ማየት ይችል ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ግን ውድድሩ ወደ አዳማ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐዋሳ በመዞሩ የጣና ዙሪያ ነዋሪ የራሱን ደርቢ በቴሌቪዥን ወይም በሬዲዮ ከመከታተል ሌላ አማራጭ አላገኘም። የቴሌቪዥን ገቢ ክለቦችን እንደሚደግፍ ባይካድም፣ በካምቦሎው የሚሰበሰበውን ደጋፊ፣ የመግቢያ ትኬቱንና በጨዋታው ቀን የሚደምቀውን የከተማ ንግድ አይተካም፤ ከሁሉም በላይ የጨዋታዎቹ ከአካባቢው መራቅ በጎንደርና በባሕር ዳር የሚኖረው ታዳጊ የከተማውን ተጫዋቾች በዐይኑ ሳያይ እንዲያድግ አድርጎታል።