የሞክሼ ፊደላት ሙግት፦ ከአንኮበር እስከ መዝገበ ቃላት

«ደብረ ብርሐን» ተብሎ ቢጻፍ የከተማው ነዋሪ አይቆጣም፤ ሲነበብ ያው ነውና። ግስ የወረደ ሰው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በግእዝ «በርሀ» በሃሌታው ሀ ሲጻፍ በራ፣ ደመቀ ማለት ነው፤ «በርሐ» በሐመሩ ሐ ሲጻፍ ደግሞ ራሱ ተመለጠ ማለት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን የተነሣ ስም ያወጡለት ቦታ በአንድ ፊደል መለዋወጥ የመላጦች ደብር ሆኖ ያርፋል። አማርኛ ሁለቱንም ቃል ወርሷል፤ የጉሮሮ ድምፃቸውን ግን ጥሎታል። ስለዚህ «መብራቱ በራ» ስንል እና «ራሰ በራ» ስንል በጽሑፍ የምናየው አንድ መልክ ነው። ሞክሼ የሚባሉት ፊደላት ጉዳይ ከዚህ ይጀምራል፦ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። ለአማርኛ ተናጋሪ አራት ድምፆች ናቸው፤ በገበታው ላይ ግን ዘጠኝ ፊደላት ሆነው ተቀምጠዋል።

በዚህ ጉዳይ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተካሄደው ክርክር በአብዛኛው የሚያጠነጥነው በትርፍና ጉድለት ስሌት ላይ ነው። ቅነሳውን የሚደግፉት 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 እንደሚሆኑ፣ አምስቱ ቢቀሩ 196 ብቻ እንደሚተርፉ ያሰላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ የአባቶችን ቅርስ ያነሣሉ። ሁለቱም ወገን ዋናውን ጥያቄ ያለፈው ይመስለኛል። ሞክሼ ፊደላት የሚጠቅሙት በየዕለቱ ለምንጠቀምባቸው ቃላት ሳይሆን ከአፋችን ለጠፉት ነው። ሕያው ቃል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ሰሚ አለው፣ ዐውድ አለው። ከአገልግሎት የወጣ ቃል ግን የቀረው ምስክር አጻጻፉ ብቻ ነው። አጻጻፉ ከጠፋ ትርጉሙ ከተመሳሳይ ድምፅ ጎረቤቱ ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል።

ነገሩን በቅርብ ለማየት «ሳለ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ሠዓሊ ሳለ፣ ባለ ቢላዋ ሳለ፣ ጉንፋን የያዘው ሳለ። ሦስቱም በኃላፊ «ሳለ» ናቸው፤ ሦስቱም በትንቢት «ይስላል» ይላሉ። አራተኛ ዘመድም አላቸው፦ «ለማርያም ተሳለ»። በግእዝ ግን እነዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው ምንም ዝምድና የላቸውም። ሥዕል የሳለው «ሠዐለ» ነው፣ በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ። ያሳለው «ሰዐለ» ነው፣ በእሳቱ ሰ እና በዐይኑ ዐ። የለመነው፣ የተማጠነው «ሰአለ» ነው፣ በአልፋው አ፤ ስእለት የመጣው ከዚህ ነው። ብረት ያሾለው ደግሞ «ሰሐለ» ነው፣ በሐመሩ ሐ፤ የቢላዋ ስለት የእርሱ ልጅ ነው። ብዙዎቻችን ለቤተ ክርስቲያን የምንሰጠውንም የምላጩን አፍም «ስለት» ብለን ስንጽፍ ልመናና ብረት አንድ ሆኑብን ማለት ነው። ይህ የሊቃውንት ፈጠራ እንዳይመስል ዐረብኛን ማየት ይበቃል፤ እዚያም «ሰአለ» ጠየቀ ሲሆን «ሱዓል» ሳል ነው፣ ድምፆቹም እስከ ዛሬ ይለያሉ። ትግርኛም ሐ እና ዐን በአፉ ይለያቸዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነበር፤ የተወው አማርኛ ነው።

ሰሜን ሸዋ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከስሙ የሚበልጥ ድርሻ አለው። የአማርኛ ቃላትን ሰብስቦ በማሳተም ቀዳሚው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው፤ የአማርኛና የላቲን መዝገቡ እ.ኤ.አ. በ1698 ታተመ፤ አስተማሪው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ከ140 ዓመታት በላይ ዐልፈው እ.ኤ.አ. በ1841 ለንደን ላይ የወጣው የሚሲዮናዊው የካርል ኢዘንበርግ የአማርኛና የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት መንገዱ በአንኮበር በኩል አልፏል። ኢዘንበርግ ከዐድዋ ከተባረረ በኋላ ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር እ.ኤ.አ. በ1839 አጋማሽ ላይ ከአንኮበሩ የሸዋ ንጉሥ ከሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። እርሱ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ ግን እስከ 1842 ቆየ። መዝገበ ቃላቱ በወጣ በቀጣዩ ዓመት የኢዘንበርግ የሰዋስው መጽሐፍም ታተመ። ከዚህ ወዲህ ያለውን በፍጥነት ብናልፈው አይጎዳም፦ እ.ኤ.አ. በ1881 የዳባዲ የፈረንሳይኛው፣ በ1901 የጉዊዲ የጣሊያንኛው፣ በ1990 የቶማስ ኬን ባለ ሁለት ቅጽ የእንግሊዝኛው። እነዚህ ሁሉ የተጻፉት የውጭ አንባቢ አማርኛን እንዲፈታበት ነው።

ቃላትን ለአማርኛ አንባቢ በአማርኛ መፍታት የተጀመረው በሸዋ ሊቃውንት እጅ ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሥራ ደቀ መዝሙራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በኢየሩሳሌም ኋላም በድሬዳዋ ሲያዳብሩት ኖረው በ1936 ዓ.ም. ዐረፉ። ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሱት አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ናቸው፤ «መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ» በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ደስታ የራሳቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በ1962 ዓ.ም. አወጡ። በመካከሉ በ1951 ዓ.ም. የከሣቴ ብርሃን ተሰማ «የዐማርኛ መዝገበ ቃላት» ወጥቷል፤ በ1993 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው «አማርኛ መዝገበ ቃላት» ተከተለ። አርእስቶቹን ብቻ ያነበበ ሰው ሙግቱን ያየዋል። አንዱ ቋንቋውን በዐይኑ ዐ ይጽፈዋል፣ ሌላው በአልፋው አ። ደስታ «ዐዲስ»ን በዐይኑ መጻፋቸው «ሐዲስ» ከሚለው መምጣቱን፣ የጉሮሮው ፊደል ሳስቶ ቢቀርም ቦታው እንዳልጠፋ ለማሳየት ነው። አንድ ፊደል የአንድ ቃል የልደት ወረቀት ሆና እንድታገለግል ፈልገዋል።

የሸዋን ታሪክ ለሚያነብ ሰው ይህ ወረቀት ጌጥ አይደለም። የአንኮበሩን ንጉሥ ስም እንይ። «ሣህል» በንጉሡ ሠ እና በሃሌታው ሀ ምሕረት፣ ይቅርታ ማለት ነው፤ ሣህለ ሥላሴ የሥላሴ ምሕረት ነው። ዛሬ በብዛት እንደምናየው «ሳህለ» ተብሎ ሲጻፍ፣ አልፎ አልፎም «ሳሕለ» ሲሆን፣ ወደ ማሾልና ወደ ማሳል ይጠጋል፤ «ሣህል» በተራ ንግግር ስለ ሞተ አንባቢው የሚያርምበት ሌላ ዕውቀት የለውም። የአያታቸው የአስፋ ወሰን ማዕረግ «መርዕድ አዝማች» ነበር፤ ከ«ርዕደ» ተንቀጠቀጠ የወጣ፣ የሚያንቀጠቅጥ፣ የሚያርድ አዝማች እንደ ማለት ነው። ዐይኑ ተዘንግቶ «መርድ አዝማች» ሲባል የዛሬ ተማሪ ሊያስታውስ የሚችለው «መርዶ»ን ነው። መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም እንዲሁ፤ «ኅሩይ» በብዙኃኑ ኀ የተመረጠ ማለት ነው፣ ከ«ኀረየ» መረጠ። የትውልድ ቦታቸውም ስም «መርሐቤቴ»፣ «መርሃቤቴ»፣ «መራቤቴ» እየተባለ ይጻፋል። የክርስትና ስሞችም አሉ፤ «አመተ ሚካኤል» የሚካኤል አገልጋይ ናት፣ «አመት» በአልፋው አ ገረድ ማለት ስለሆነ። «ዓመተ ሚካኤል» ተብሎ ቢመዘገብ የሚካኤል ዘመን ይሆናል። «አመት» ብሎ ገረዱን የሚጠራ ሰው ዛሬ የለም፤ ቃሉ የሚኖረው እንዲህ ባሉ ስሞች ውስጥ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ እንምጣ። የመጀመሪያው ዐውድ ይለያል የሚለው ነው። «ሌሊቱን ሲስል አደረ» ብንል ስለ በሽተኛ እየተወራ ከሆነ ማንም ሠዓሊ አያስብም። እውነት ነው፤ ነገር ግን ዐውድ የሚያግዘው ሁለቱንም ቃላት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው። «ሣህል»ን ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ ዐውዱ የሚመርጥለት ሁለተኛ ቃል የለውም። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ ጸሐፍቱ ራሳቸው ፊደላቱን ሲያቀላቅሉ ኖረዋል ይላል። የመካከለኛው ዘመን ብራናዎች ሠን በሰ፣ ሐን በኀ እየለዋወጡ መጻፋቸው አይካድም፤ የአክሱም ዘመን ድንጋዮች የጠበቁትን ልዩነት በኋላ የመጣው እጅ አልጠበቀውም። ይህ ግን ድምፁ መጥፋቱን እንጂ ዕውቀቱ መጥፋቱን አያሳይም። የፊደላቱ ቅጽል ስሞች ራሳቸው ምስክር ናቸው፤ «ፀሐዩ ፀ»፣ «ጸሎቱ ጸ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» ሲባል እያንዳንዱ ስም ፊደሉ የሚገባበትን አንድ ቃል ያዘለ ነው። ጆሮ መለየት ሲያቅተው ትምህርት ቤቱ በቃል ያስያዘው ዘዴ ነው። ኪዳነ ወልድም ዕብራይስጡንና ዐረብኛውን እያመሳከሩ የተቀላቀለውን መልሰው ለመለየት ሞክረዋል፤ ሁሉም ፍርዳቸው የማያከራክር ነው ባይባልም መንገዱ ትክክል ነበር።

ለዕለት ጽሑፍ ልዩነቱ አያስፈልግም የሚለው ሦስተኛው ተቃውሞ ግማሹ እውነት ነው። ከግእዝ ያልመጡ ቃላት የፊደል ታሪክ የላቸውም፤ «ሳሙና»ን በንጉሡ ሠ የጻፈ ሰው ቃሉን ከማስጌጥ በቀር የሚያተርፈው የለም። የአንደኛ ክፍል ሕፃን «ፀሐይ»ን «ጸሃይ» ብሎ ቢጽፍ ነጥብ መቀነስ ጭካኔ ይመስለኛል። ለደብዳቤ፣ ለጋዜጣ፣ ለማስታወቂያ ጸሐፊው እንደ ፈቀደው ቢጽፍ ቋንቋው አይፈርስም።  የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም የሚጠብቀውን ድምፅ በነጥብ ለማመልከት መሞከሩ እንደሚያሳየው፣ ለዕለት ንባብ ከሞክሼ ፊደል ይልቅ የሚያስቸግረው መጥበቅና መላላቱ ነው፤ «ገና» በዓሉና «ገና» ጊዜው በፊደል አይለዩም። እዚህ ላይ ከቀናሾቹ ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው ቅነሳው ወደ መዝገበ ቃላትና ወደ ስሞች ሲገባ ነው። እንግሊዞች ሌሊትንና ፈረሰኛ ባላባትን ዛሬ ሁለቱንም «ናይት» ይሏቸዋል፤ በባላባቱ ራስ ላይ ያለችው የክ ድምፅ ፊደል ከንግግር ከጠፋች ዘመናት ቢያልፉም በጽሑፍ አልነሷትም። ክፍሎቹ እ.ኤ.አ. ከ1884 ጀምሮ እስከ 1928 የታተሙት የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የሞቱ ቃላትን በጩቤ ምልክት ለይቶ ያቆያቸዋል እንጂ አይፍቃቸውም። የእኛ መዝገቦች እንዲህ ያለ ወጥ ምልክት ስለሌላቸው አንባቢው ሕያው የሆነውንና ያልሆነውን ቃል በገዛ ግምቱ ይለያል። የቴክኖሎጂው ሰበብም አያዋጣም፤ ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝን ፊደል ሲያስገባ ሞክሼዎቹን ሁሉ ይዞ ነው። ፈላጊው ሀ ብሎ ቢጽፍ ኮምፒዩተሩ ሐን እና ኀን ጨምሮ እንዲፈልግለት ማድረግ ይቻላል፤ ለዚህ ሲባል ፊደሉን ከጽሑፉ መሰረዝ አያስፈልግም።

ስለዚህ ጥያቄው ለሰሜን ሸዋ ሰዎች ይቅረብ። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያሉ የቋንቋ መምህራንና ተማሪዎች የተጉለትን፣ የቡልጋን፣ የመንዝን፣ የይፋትንና የአንኮበርን የቦታና የሰው ስሞች ግስ ከሚያውቁ አረጋውያን ጋር ተቀምጠው ከነአመጣጣቸው ይመዝግቡ፤ አከራካሪውን አከራካሪ ብለው ይጻፉት። የየወረዳው ጽሕፈት ቤትም አዲስ ሰሌዳ ከማስቀረጹ በፊት ያንን መዝገብ ይመልከት።