የጠፋ አካውንት እንዴት ይመለሳል?

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት መቆየቱ ይታወሳል። መስመሩ ሲመለስ እዚህ ደብረ ማርቆስ ፌስቡካቸው አልከፈት ያላቸው ጓደኞች ብዙ ነበሩኝ።

የይለፍ ቃል መርሳት ቀላሉ ችግር ነው። «የይለፍ ቃል ረሳሁ» የሚለውን ተጭኖ፣ በስልክ ወይም በኢሜይል የሚላከውን ኮድ ማስገባት ነው፤ በቃ! ከባዱ ሲም ካርዱ ከሌለ ነው። ሲሙ የጠፋበት ሰው መታወቂያውን ይዞ ቴሌ ሄዶ ያንኑ ቁጥር ቶሎ ያውጣ። ብዙ ጊዜ ያልተሠራበት ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል፤ ያኔ ኮዱ የሚደርሰው ለማናውቀው ሰው ነው። ቁጥር የቀየረም አካውንቱ ሳይዘጋበት አዲሱን ያስመዝግብ፣ ኢሜይልም ይጨምር። ይህ ሁሉ ካልሆነ፣ አካውንቱ ቀድሞ ይከፈትበት በነበረው ስልክ መሞከር ይሻላል፤ ፌስቡክ ያንን ስልክ ያውቀዋል።

ኮዱን «ላክልኝ» የሚል ወዳጅ ከመጣ ግን ጠርጥሩ። ሌባው አካውንቱን ከያዘ በኋላ በእናንተ ስም ዘመድ አዝማዱን «በቴሌብር ብር ላኩልኝ» ይላል። እኔን ከፎቶው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፤ እናት የልጇን ስም ካየች አታመነታም። ስለዚህ አካውንት ሲሰረቅ መጀመሪያ ለቤተሰብ ይደወል፤ ለፌስቡክ ማመልከቱ ከዚያ ይቀጥላል።